ጠብቆ የሚነበብ

በእኛ ክበብ ከፎቶ ሥር ጽሑፍ አይለጠፍም። አዳራሻችን የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኚህ ሰው ማን ናቸው፣ ምን እያሉ ነው፣ ምነው አንድ መስመር እንኳ ብትጽፉበት ይለኛል። እኔም ከፎቶው ጎን የቆመውን ተማሪ አሳየዋለሁ። ጽሑፉ እሱ ነው፣ ጠይቀው፣ በአፉ ይነግርሃል እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ወረቀት ቸግሯቸው ነው ብሎ ያዝንልናል። ወረቀት አልቸገረንም። ነገሩ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። ያቺ ቃል አንዲት አሮጊት ዕድሜ ልካቸውን በሆዳቸው ይዘው የኖሩትን ነገር ይዛብን ልትጠፋ ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም የመጣሁት በምደባ ነው፤ ሐሳቤ ትንሽ ሠርቼ ዝውውር መጠየቅ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ይኸው እዚሁ ሸበትኩ። አማርኛ አስተምራለሁ። ቱግ ማለት ልማዴ ነው፤ ተማሪዎቼ ገና ከበር ስገባ ፊቴን አይተው ዛሬ ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ ይባባላሉ። ክበቡም የተወለደው ከቁጣ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አካባቢያችሁ ጻፉ ብዬ ክፍሉ በሙሉ «ከተማችን በልማት ጎዳና ላይ ትገኛለች» ብሎ መጣ። ማንኩሳ ተወልዶ ያደገውም፣ ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየውም፣ አውራ ጎዳናው ዳር የእናቱን ሱቅ ሲጠብቅ የሚውለውም፣ ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር። ወረቀታቸውን ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና፣ ይችን አገር አንዳችሁም አይታችኋት አታውቁም፣ ነገ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ያያችሁትን አንሡ፣ የሰማችሁትን ቅዱ አልኳቸው። ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት መምጣት ክልክል መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያመጡልኝን ፎቶ ባታዩት ይሻላል። አንዱን የአያትህን ፎቶ አንሥተህ ና ብዬው፣ የራሱን ፊት አስቀድሞ ሁለት ጣቱን ቀስሮ መጣ። አያቱ ከትከሻው ኋላ ግማሽ ጆሮ ብቻ ናቸው። ቲቸር ካፕሽኑን አሪፍ አድርጌዋለሁ ብሎ ደግሞ ከሥሩ የጻፈውን ያስነብበኛል። ተቆጣሁ፣ ኋላም ሳቅኩ፤ ከዚያ ከሥር ጀመርን።

ከሥር ማለቴ ከሰላምታ ነው። የጎጃም ሽማግሌ ሰላምታ እንደ ቅዳሴ ነው፣ ከመሃል ተገብቶ ከመሃል አይወጣም። እንዴት ከረማችሁ፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ተባብሎ እስኪያልቅ ድረስ ስልክ ከኪስ አይወጣም ብዬ ደነገግሁ። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸ ፎቶ ለማን ነው የሚሄደው? ዘመኑ ይህን ቢያስጠይቅ አይፈረድም። የእኛም መልስ አንድ ነው። የትም አይሄድም፤ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ይቀመጣል፤ የተናገረው ሰው ራሱ አጥፉልኝ ያለን ቀን ይጠፋል። ልጆቹ ይህን ቃል በየቤቱ ሰጥተዋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብዬ አስተምሬ እኔው ላጥፈው አልችልም።

ድምፅ መቅዳቱ ከፎቶው ባሰ። እኛ ሰዎች ስናዳምጥ ዝም አንልም፤ ገባኝ ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንላለን። ይኸ ደግ ጠባያችን ስልክ ውስጥ ሲገባ፣ የሽማግሌውን ወግ ስርቅታ የያዘው ሰው ያጀበው ያስመስለዋል። ትንፋሻችሁን ያዙ፣ በዓይናችሁ እሺ በሉ አልኳቸው። አንዷ ዓይኗን አፍጥጣ ስታዳምጥ አያ እገሌ ደንግጠው፣ ምነው ልጄ አመመሽ ወይ ብለው ወጋቸውን አቋረጡ። ስልኩን መደብ ላይ ሲያስቀምጡት ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንጓጓል፤ ስለዚህ ነጠላ አጣጥፎ ከሥሩ ማንጠፍን ለመድን።

ቡሬ በኩል ያደገ አንድ ተማሪ የአያቱን ድምፅ ይዞ መጣ። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ወግ ሲያወጉ በአማርኛ ያወጉና ሐዘናቸው ጋ ሲደርሱ ሳያስቡት ወደ አገውኛ ይሻገራሉ። አገውኛውን ልቁረጠው ወይ ቢለኝ አንተን ነው የምቆርጠው አልኩት። ከአፋቸው የወጣው እንደወጣ ይቀመጣል፤ አንዲት ቃል አይጨመርም፣ አይቀነስም፣ አይስተካከልም። ይህም ሕጋችን ሆነ፤ ልጆቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ ደጋገምኩት።

ከሁሉም ይህን ሕግ ከልቧ የያዘችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከጅጋ ወረድ ብላ ባለች መንደር ገበሬዎች ናቸው። እሷ ፍኖተ ሰላም ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ ስንቋን ልታመጣ አገሯ ትወርዳለች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ዝም ያለች ስለሆነች ለዘብተኛ መስላኝ ነበር፤ ኧረ ግትር ናት፣ በቅሎ በያት። ያን ሴሚስተር ርእሳችን «ገበያችን» ነበርና እሷ ጎረቤታቸው ያሉትን እማሆይ መረጠች። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው አሮጊት ናቸው።

የቀዳችውን ይዛ መጣችና አብረን ሰማነው። የእማሆይ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ግን አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ላይ እሳቸው ናቸው የሚጠይቁት፤ የምትፈልጊው የውጭውን ነው የቤቱን? ይሏታል። ልጅቱም ስለ ገበያው ነው እማሆይ ትላቸዋለች። እሳቸውም፣ ደግ፣ እንግዲያው የገበያውን እነግርሻለሁ ይላሉ። ከዚያ የድሮውን ገበያ፣ ጨው ይሸጥበት የነበረውን ቦታ፣ ዋርካውን ይነግሯታል። እሳቸው ሕፃን ሳሉ የአባታቸው በሬ የጭቃ ሹሙ ማሳ ውስጥ ይገባል። ጭቃ ሹም ማለት ያኔ የአገሩ ገዢ ነው፤ ግብር ሰብሳቢውም ዳኛውም እሱ። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አሽከሮቹ አባትዬውን ዋርካው ሥር አስተኝተው ይገርፉታል። እማሆይ ከእናታቸው ቀሚስ ሥር ሆነው ያያሉ።

ሲጨርሱ ደግሞ ልጅቱን ይጠሯታል። «ይኸን ነገር አደራ ልጄ፤ ሳልሞት አንድ ሰው ይስማኝ።» ልጅቱም አይጠፋም እማሆይ ትላለች። ይህን ስሰማ፣ ድምፁን አስተካክይው በማለት ፋንታ ራሷን ዳበስኳት።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ፎቶዎቹን አዳራሽ ውስጥ ሰቀልን። ያኔ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ከባለታሪኩ አፍ የተወሰደች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንለጥፍ ነበር። የእማሆይ ፎቶ ደስ ይላል፤ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ እጃቸውን ወደ ዋርካው ዘርግተዋል። ከሥሩ ልጅቱ በሚያምር ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አባቴ እዚህ ዋርካ ሥር ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተስ እንዴት አነበብካት?

እኔ ድምፁን ስለሰማሁ አጥብቄ ነበር የማነባት፤ ዱላው የሚያርፈው አባትዬው ላይ ነው። የክበቡ ልጆችም እንዲሁ። ድምፁን ያልሰማ ሰው ግን ቢያላላት ማን ይከለክለዋል? ያን ዕለት አንድ የጅጋ አካባቢ ገበሬ ልጃቸውን አንብብልኝ አሉት። ልጁም አላልቶ አነበበው። እንደሱ ሲነበብ ዱላውን የያዘው አባትዬው ነው፤ ገበያ መሃል ሰው ሲደበድብ ልጁ አየሁት ብላ መሰከረችበት። ገበሬው ጉድ ነው ብለው አገራቸው ገቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ጅጋ ደረሰ።

ጅጋ ላይ ደግሞ የእማሆይ የወንድም ልጅ አለ። አውራ ጎዳናው ዳር ሱቅ ያለው፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ጋቢው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ የሰማው መጨረሻ ላይ፣ ያውም በቀልድ ነው። ደንበኞቹ እየመጡ፣ የመቺው ልጅ ልጅ እስቲ ስኳር ስጠን፣ እንዳትመታን ብቻ ይሉት ጀመር። አንድ ሰሞን ሳቀ። ኋላ ግን ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤታችን መጣ።

ርእሰ መምህሩ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሰውዬው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ ሰላምታውን አንድ በአንድ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው። «መምህርት፣ አያቴ በሰው ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ፎቶውን ያውርዱልኝ፤ ድምፁንም ያጥፉልኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለሚጮህ ሰው መልስ አላጣም። አክስቴ አርጅተዋል፣ የሚሉትን አያውቁም፣ ልጆች አታለው አናገሯቸው ብሎ ጨመረ። የልጅቱንም አባት ላነጋግር ነው አለ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ርእሰ መምህሩ ክበባችንን ድሮም አይወዱትም፤ ልጅ በየመንደሩ ስልክ ይዞ ሲዞር ነገር ያመጣብናል ባይ ናቸው። ይኸውና መጣ አሉኝ፤ አሁኑኑ ይጥፋ፣ ሰውየውን በሰላም እንሸኝ። እኔ ቱግ አልኩ። አይጠፋም አልኩ። የተናገሩት እማሆይ ናቸው፤ አጥፉ ካሉም የሚሉት እማሆይ ናቸው፤ የእርስዎም የእኔም ቃል አይደለም። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሬ ድምፁን ሰምተውት ያውቃሉ ወይ አልኩት። አልሰማሁም አለ። የሰማው የደንበኞቹን ቀልድ ነው። አሁኑኑ ላሰማዎት ስለው፣ አክስቴ በሌሉበት ድምፃቸውን ከምሰማ እሳቸው ፊት ይሁን አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንድንሄድ ተቃጠርን።

ልጅቱን ስጠራት ሁሉንም ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። አባቷ ከትምህርት ያስቀራት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት፤ መዋሸት አልፈለግሁም። እሷም የተከራየችውን ክፍል ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች፣ ቲቸር እኔ አይጠፋም ብያቸዋለሁ አለች። 

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ሲመታ» ብዬ ጻፍኩና አንብቡ አልኳቸው። ግማሹ አጠበቀ፣ ግማሹ አላላ፤ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! አንዱ ተነሥቶ «ዶሮው ይበላል» አለ፤ ከላላ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው፣ ከጠበቀ ፋሲካ ነው። ዘንድሮም ሆነ ድሮ ፊደላችን ማጥበቂያ የለውም፤ አንባቢው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል ብሎ ያምናል። ለሚተዋወቅ ሰው ይኸ ምንም አይደለም። እኛ ግን የምንጽፈው ለማያውቅ ሰው ነበር፤ ስንሰቅለው ማናችንም ይህን አላሰብንም።

ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ መዝገበ ቃላት ከፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ እናድርግበት አለ አንዱ። ነጥቡን ዝንብ የጣለችው ይመስላቸዋል አሉት። ቀላል ነው፣ «ሲመታ»ን «ሲደበደብ» እንበለው አለ ሌላው፤ ብዙዎቹ ተስማሙ። እኔም ለአፍታ ልቤ ሸፈተ። ያን ጊዜ ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣች። እማሆይ ሲደበደብ አላሉም አለች። ሲመታ ነው ያሉት። ከሰው አፍ ያልወጣ ቃል በስማቸው አንሰቅልም ብላችሁ የለ ወይ ብላ እኔን አየችኝ። ብያለሁ አልኳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፎቶ ሥር ጽሑፍ ለጥፈን አናውቅም።

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ጅጋ ወረድን። ሰውዬው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ለአክስቱ ስኳርና ሳሙና በፌስታል ይዟል። ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ስንሄድ እሱ ቀድሞ ይራመዳል፣ እኛ እንከተላለን። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ ቆሟል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ያስቆመዋል፤ ሰላምታው በተራዘመ ቁጥር እኔ እበሽቃለሁ፣ ልጅቱ ስልኳ ባትሪ እንዳለው ታያለች። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ መንገዱ ጎዳዎት ወይ አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እንዲያ ባለ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያስቸግራል።

እማሆይ ከቅዳሴ ተመልሰው መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ድንች ቀቅለው በበርበሬ አቀረቡልን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ይለያሉ። ሰላምታው አለቀ። የወንድማቸው ልጅ ነገሩን በዙሪያው ሲሄድበት ቆየ፤ ሰዎች እንዲህ አሉ፣ ሥዕልዎ እንዲህ ተባለ እያለ እንጂ አንድም ጊዜ በቀጥታ አላነሣውም። እኔ የደሴ ሰው ነኝ፣ ዙሪያውን አላውቅበትም። እማሆይ፣ ድምፅዎን እናሰማዎትና ይጥፋ ካሉ እዚሁ ፊትዎ እናጠፋዋለን አልኳቸው።

ልጅቱ ከፈተችው። እማሆይ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ቀጥለውም ይች አሮጊት ማን ናት፣ ምነው ለፈለፈች አሉ። ሳቅን። ድምፁ ጨው ተራውን አልፎ፣ በሬውን አልፎ፣ ዋርካው ጋ ደረሰ። ሲመታ። ጠብቃለች፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው ያወጧት፤ ደንቆሮ እንኳ አይስታትም።

ሰውዬው ቀና አለ። ለካ ተመታ ነው አለ። መመታት ነውር አይደለም፣ ያኔ ጭቃ ሹም ያልመታው ማን ነበር፣ ዋናው እሱ አለመምታቱ ነው አለ። ተነሥቶ የአክስቱን ጉልበት ሳመ፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ አለኝ፤ ለልጅቱ ትልቁን ድንች አነሣላት። ደንበኞቼን እኔ አሳያቸዋለሁ ብሎ ፎከረ። ነገሩ አለቀ፤ እኔም አለቀ ብዬ ለመነሣት ነጠላዬን አስተካከልኩ።

እማሆይ ግን ልጅቱን ጠሯት። እኔ እኮ አጥብቄ ነው የተናገርሁ፣ ታዲያ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው እንዲያ አነበቡት አሏት። ልጅቱ አጠገባቸው ተንበርክካ አስረዳቻቸው። በአፍ ሲሉት ይለያል፤ ሲጻፍ ግን የመታውም የተመታውም ፊደሉ ያው ነው፤ ያላወቀ ሰው አንዱን በሌላው ያነባል። እማሆይ ማንበብ አይችሉም። እጃቸውን ዘርግተው የልጅቱን መዳፍ ያዙ።

«ወረቀት ላይ አንድ ናቸው?»

«አዎ እማሆይ፣ አንድ ናቸው።»

መዳፏን አልለቀቁም። «እኛም ቤት አንድ ነበሩ» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የገባው ለወንድማቸው ልጅ ነው፤ በእጁ የያዘውን ድንች መልሶ ሣህኑ ላይ አስቀመጠው። እማሆይ ቀጠሉ። ያን ዕለት ከገበያ መልስ እናቴ ጀርባውን ልታጥብለት ውሃ አሞቀች ብለው ጀመሩ። ሰውዬው አላስጨረሳቸውም። ብድግ ብሎ ይተዉት እማሆይ፣ እባክዎን፣ ይኸን እንኳ ሆድ ይፍጀው አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። አዘንኩለት፤ ገና አሁን ያገኘውን፣ ሰው መትቶ የማያውቀውን አያት መልሰው ሊወስዱበት ነው።

«ሆዴማ ፈጅቶ ጨርሷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ እማሆይ። «ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ደጁን እያየ ቆመ፤ ውጭ ጥጃ ይጮኻል። ከሄደ ተከትሎት የሚመጣውን ሁሉ አሰብኩ፤ የልጅቱን አባት፣ ርእሰ መምህሩን፣ አዳራሹን። አይሂድ አላልኩም፤ ይሂድም አላልኩም። ልጅቱን አየኋት። እሷ እሱን አታይም፤ የምታየው እማሆይን ነው። ያን ጊዜ የገበያውን ብቻ ነው ያልሽኝ አሏት እማሆይ፤ በፈገግታ ነው፣ ወቀሳ አልነበረበትም።

ሰውዬው ሳንቃውን ሲስበው ሰማሁ። በሩን ዘጋው፤ የጥጃው ጩኸት ራቀ። የዘጋው ከውስጥ ነው። ተመልሶ መጣና መሬቱ ላይ፣ ከአክስቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

ልጅቱ ነጠላዋን አጣጥፋ መደቡ ላይ አነጠፈች፤ ስልኩን ከላዩ አስቀመጠች፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ ጠበቀች።

«እማሆይ» አለች፣ «የቤቱን ይንገሩኝ።»

ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።